ያልታመመውን ሰው ለምን ትለካላችሁ?

ይህ ምልልስ በቡና ለቀማ ሰሞን፣ ደሎ መና ውስጥ በአንድ ቤት በረንዳ ላይ የሚካሄድ ነው። ተናጋሪዎቹ ሦስት ናቸው፦ ቡና አምራቹ ሐጂ፣ ከሮቤ የመጣች የኅብረተሰብ ጤና ተመራማሪ እና የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ። ሰዎቹን ጸሐፊው ፈጥሯቸዋል፤ የሚጠቅሷቸው ጥናቶች፣ ዓመቶችና ተቋማት ግን በእውን ያሉ ናቸው።

ሐጂ፦ እንግዳ ናችሁና ግቡ፣ ተቀመጡ። ግን አንድ ነገር ንገሪኝ ልጄ። ሆስፒታል እዚሁ ከተማችን ውስጥ አለ። ያመመው ሰው ሄዶ ይታከማል። አንቺ ደግሞ ደህናውን ሰው ቤቱ ድረስ መጥተሽ ልለካህ ትይዋለሽ። ያልታመመውን ሰው ለምን ትለካላችሁ?

ተመራማሪዋ፦ እኔ የምፈልገው እሱን ነው ሐጂ። ደም ግፊት አብዛኛውን ጊዜ አያምም። ሰውየው ማሳው ውሎ ይገባል፣ ይበላል፣ ይሰግዳል፤ አንድ ቀን ጠዋት ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ ይለዋል። ሆስፒታሉ የሚመዘግበው ያቺን ቀን ነው። ከዚያ በፊት ግፊቱ ከፍ ብሎ የኖረበት ዘመን የትም አልተጻፈም።

ሐጂ፦ ጎረቤቴ እንዲሁ ነው የሆነው። ግማሹ ጂን መታው አለ፣ ግማሹ ንፋስ ነው አለ። ሆስፒታል ሲደርስ ምላሱ ተሳስሮ ነበር።

ተመራማሪዋ፦ እርስዎ ቡና ሲሸጡ ነጋዴው የጆንያውን አፍ ብቻ አይቶ ዋጋ ይቆርጣል?

ሐጂ፦ ሞኝ ካልሆነ በቀር አይቆርጥም። ከመሃልም ከሥርም ይዘግናል። አፉ ላይ ጥሩ ጥሩውን የሚያደርግ ሰው ሞልቷል።

ተመራማሪዋ፦ የሆስፒታል መዝገብ የጆንያው አፍ ነው። እዚያ የሚገኘው ለከተማ የቀረበ፣ ለመኪና የሚከፍለው ያለው ወይም በጣም የጠናበት ሰው ነው። በዚያ ብቻ የደሎ መናን ሕዝብ ጤና ልናገር ብል እንደዚያ ሞኝ ነጋዴ መሆኔ ነው። ከመሃልና ከሥር ለመዝገን ቤት ለቤት መሄድ ግድ ነው።

ሐጂ፦ ታዲያ እስከ ዛሬ ከመሃል የዘገነ የለም?

ተመራማሪዋ፦ አለ። በ2007 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ከጤና ጥበቃ ሚኒስቴርና ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር ሆኖ አገር አቀፍ ጥናት አድርጓል። በመላው አገሪቱ 513 የቆጠራ ቦታዎች በዕጣ ተመረጡ። ከየቦታው 20 ቤት፣ ከየቤቱ ዕድሜው ከ15 እስከ 69 የሆነ አንድ ሰው። መጀመሪያ ስለ ትንባሆ፣ ስለ ጫት፣ ስለ መጠጥ፣ ስለ ምግብና ስለ ሥራው ይጠየቃል፤ ቀጥሎ ቁመቱ፣ ክብደቱ፣ ወገቡና የደም ግፊቱ ይለካል፤ በመጨረሻ ደሙና ሽንቱ ይመረመራል።

ሐጂ፦ ከቤት አንድ ሰው ብቻ ከሆነ፣ ያው አባወራው ነዋ?

ተመራማሪዋ፦ አይደለም፤ እሱም በዕጣ ነው። ዕጣው ምራትዎ ላይ ከወጣ እሷ ናት የምትለካው፤ እርስዎ አጠገቧ ቢቀመጡም እርስዎን መለካት አልችልም።

ኤክስቴንሽኗ፦ ይኼ ብዙ ቤት ያጣላል ሐጂ። አባወራው፣ የቤቱ ባለቤት እያለሁ እንዴት ልጅ ትጠየቃለች ይላል። ደግሞም ቀን ስንዞር የምናገኘው ሴቶቹን ነው፤ ወንዶቹ ቡና ላይ ናቸው፣ ከብት ጋር ናቸው። ማታ ተመልሰን ካልመጣን ወንዱ ሳይቆጠር ይቀራል።

ተመራማሪዋ፦ በአገር አቀፉ ጥናትም ከወንዶች ይልቅ ሴቶች በዝተው ነው የተገኙት። ሲተነተን ታዲያ የሁለቱም ድርሻ በሕዝቡ ውስጥ ባላቸው ልክ ይስተካከላል። ውጤቱ እንዲህ ነው፦ ከ100 ሰው ወደ 16ቱ የደም ግፊቱ ከፍተኛ ሆኖ ተገኘ። አብዛኛው ሰው ዕድሜውን ሙሉ ግፊቱን ተለክቶ አያውቅም። ግፊት ከተገኘባቸው ውስጥ መድኃኒት የሚወስዱት እጅግ ጥቂቶች ናቸው። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይህ የመጨረሻው ነው።

ሐጂ፦ አሥራ ስድስቱ እዚህ ደሎ መና ነው?

ተመራማሪዋ፦ የአገሪቱ አማካይ ነው።

ሐጂ፦ እንግዲያው የእኛ አይደለም። አንቺ ከሮቤ ስትመጪ ያየሽውን አስቢ። ሮቤና ሲናና በትራክተር የሚታረስ የስንዴ አገር ነው። ከጎባ ወደ ሳነቴ ስትወጪ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ ያለው ሰው ብርዱን የሚችለው በገብስና በወተት ነው። ከዚያ ሐረናን፣ ያንን ሁሉ ደን፣ ወርደሽ እኛ ጋ ትደርሻለሽ፤ ሙቀት፣ ወባ፣ ቡና፣ ማር። ከእኛ አልፈሽ ወደ ታች ብትወርጂ ግመል ነው። የአንድ ቀን መንገድ ነው ይኼ ሁሉ። አዲስ አበባ ያለውንና ሳነቴ ያለውን ከእኔ ጋር ደምራችሁ አካፍላችሁ፣ ያንተ ይኼ ነው ትሉኛላችሁ?

ተመራማሪዋ፦ ልክ ብለዋል፤ የመጣሁትም ለዚህ ነው። 513 ቦታ ለአገር ይበቃል፣ ለወረዳ አይበቃም። ከፍታው ራሱ ሰውነትን ይለውጣል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት በባሌ 4,000 ሜትር አካባቢ የሚኖሩ ኦሮሞዎችን በሰሜን ተራሮች ከሚኖሩ አማሮች ጋር አነጻጽሮ ነበር። ሁለቱም ደጋ ላይ ናቸው፤ የባሌዎቹ ግን ሄሞግሎቢናቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። ተራራውን አይቶ ብቻ ስለ ሰዉ መናገር እንደማይቻል ያሳያል። ስለዚህ እርስዎን እዚሁ፣ ባሉበት መለካት አለብኝ። አንድ ነገር ላስቸግርዎ፤ ቡናው ይቆይ።

ሐጂ፦ እንዴት! ተቆልቶ፣ ተወቅጦ?

ተመራማሪዋ፦ ቡና፣ ጫትና ሲጋራ ለጊዜው ግፊት ከፍ ያደርጋሉ። መጀመሪያ አሥራ አምስት ደቂቃ ዝም ብለን እንቀመጣለን። ከዚያ ሦስት ጊዜ እለካለሁ፣ በየመሃሉ ሦስት ደቂቃ እየጠበቅሁ። የመጀመሪያውን ትቼ የኋለኞቹን ሁለቱን አማካይ ነው የምይዘው፤ ሰው መጀመሪያ ሲለካ ይደነግጣልና። እግርዎን አያጣምሩ። ግራ ክንድዎን ጠረጴዛው ላይ ያሳርፉ፣ መዳፍዎ ወደ ላይ።

ሐጂ፦ እሺ። እስከዚያ ዝም ከምንል ጠይቂኝ።

ተመራማሪዋ፦ ስንለካ ብቻ አያውሩ እንጂ አሁን ይቻላል። ዕድሜዎ ስንት ነው?

ሐጂ፦ ስድሳ።

ኤክስቴንሽኗ፦ ባለፈው ዓመትም ስድሳ ነበር ያሉኝ ሐጂ። ካቻምናም።

ተመራማሪዋ፦ አይፍረዱብኝና፣ ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው። በየጥናቱ 40፣ 45፣ 50፣ 60 ላይ ሰው ይከመራል፤ 41 ወይም 43 ነኝ የሚል ጠፍቶ። የባሌው ዐመፅ መሪ ዋቆ ጉቱ እጁን ሲሰጥ እርስዎ ምን ያህል ነበሩ?

ሐጂ፦ አስታውሳለሁ። ጥጃ እጠብቅ ነበር። የፊት ጥርሴ ወልቆ በቅሏል።

ተመራማሪዋ፦ ያ 1962 ነው። ስምንት ዓመት ቢሆንዎ የተወለዱት 1954 አካባቢ ነው፤ ዐመፁ ከመጀመሩ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ። የሶማሊያ ጦር ሲመጣስ?

ሐጂ፦ ጎረምሳ ነበርኩ። ሚስት ልናጭልህ ይሉኝ ነበር።

ተመራማሪዋ፦ እሱ 1969 እና 70 ነው፤ አሥራ አምስት፣ አሥራ ስድስት። ሁለቱ ይገጥማሉ። 1954 ብዬ እጽፋለሁ።

ሐጂ፦ በሁለትና በሦስት ዓመት ይህን ያህል መድከም ምን ይጠቅማል?

ተመራማሪዋ፦ ከግፊት ጋር ከሁሉም በላይ የሚያያዘው ዕድሜ ነው። ጫት ግፊት ያመጣል ወይ ብለው ይጠይቁኝ። የሚቅሙትንና የማይቅሙትን ዝም ብዬ ባነጻጽር መልሱ ይሳከራል። ከሚቅሙት ውስጥ ወንድ ይበዛል፣ ሲጋራ የሚያጨስ ይበዛል፣ ሌሊት የማይተኛ ይበዛል። ጫቱን ለይቼ ለማየት የአርባ ዓመት የማያጨስ ወንድን ከአርባ ዓመት የማያጨስ ወንድ ጋር ነው የማስተያየው። ዕድሜው ከተሳሳተ ይህ ሁሉ ድካም ገደል ገባ።

ሐጂ፦ ቡናስ? ቡናን ልትከሱ ከሆነ ደሎ መናን ነው የምትከሱት።

ተመራማሪዋ፦ ለጊዜው ከፍ ማድረጉ ሌላ፣ በሽታ ማምጣቱ ሌላ ነው። ደግሞ ገጠር ውስጥ ቡናን በጨው የሚጠጣ አለ፤ ከቤትዎ ማን ይጠጣል?

ሐጂ፦ እናቴ ነፍሷን ይማረውና ያለ ጨው አትጠጣም ነበር። እኔም ማሳ ስሆን በጨው ነው።

ተመራማሪዋ፦ እንግዲህ በቀን አምስት ስኒ የሚጠጣ ሰው ግፊቱ ከፍ ቢል ቡናውን ነው የምንከሰው ጨውን? ስኒ ብቻ ቆጥሮ የሄደ አጥኚ ቡናን ይከሳል። ስለ ጨው ሰውን መጠየቅም አይበቃም፤ ድስቱ ውስጥ ስንት እንደገባ ማን ያውቃል። በ2007ቱ ጥናት የተወሰደው የሽንት ናሙና ለዚህ ነበር። አንድ ሰው በቀን በአማካይ 8.3 ግራም ጨው እንደሚወስድ ተገመተ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 ግራም በታች ይሁን ነው የሚለው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። በዚያው ጥናት ከ100 ሰው 98 ያህሉ አትክልትና ፍራፍሬ በሚመከረው ልክ አይበላም ነበር። ማንጎና ሙዝ የሚያበቅል ቆላ ገበሬ ሳይቀር ሸጦ ይገባል እንጂ አይበላውም። አሁን ዝም እንበል፤ ልለካ ነው።

(ሦስት ጊዜ ትለካለች።)

ሐጂ፦ ስንት አለ?

ተመራማሪዋ፦ የላይኛው መጀመሪያ 156፣ ቀጥሎ 148፣ ቀጥሎ 146። የኋለኞቹ አማካይ 147 ነው። መስመሩ 140 ነው፤ አልፈዋል። በጥናቱ መዝገብ ከፍተኛ ግፊት ካላቸው ጋር ይቆጠራሉ። ታመዋል ግን አልልዎትም። ሐኪም በአንድ ቀን ልኬት አይፈርድም፤ በሌላ ቀን ጤና ጣቢያ ሄደው እንደገና ይለኩ። ለሕዝብ የሚበቃ ቁጥርና ለአንድ ሰው የሚበቃ ቁጥር አንድ አይደለም፤ ይህን ለሁሉም ቤት እናገራለሁ።

ሐጂ፦ ሰው ሲያረጅ ደሙ ይበዛል። የአባቴም እንደዚያ ነበር ይባላል። ይኼ የዕድሜ ነገር ነው እንጂ በሽታ ነው?

ተመራማሪዋ፦ ሐኪሞቹ ራሳቸው እንደዚያ ያምኑ ነበር። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በየካቲት 1937 ዓ.ም. ግብጽ ውስጥ በመርከብ ላይ ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ጋር ተገናኝቷል። ያኔ ግፊቱ ለዓመታት ሲወጣ ኖሮ ነበር፤ የግል ሐኪሙ ግን ለዕድሜው ደህና ነው ይል ነበር። ሁለት ወር አልቆየም፤ ሚያዝያ ላይ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ ሞተ። በዚያች ቀን ግፊቱ 300 በ190 ተለክቷል። የዓለም ኃያል መሪ ነው፤ ሐኪም አላጣም። የጠፋው ግፊት ከፍ ብሎ ሲኖር መጨረሻው ምን እንደሚሆን በብዙ ሰው ላይ ተከታትሎ ያየ ነው።

ሐጂ፦ ከዚያስ?

ተመራማሪዋ፦ ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1948 በማሳቹሴትስ ፍራሚንግሃም በምትባል ከተማ 5,209 ወንዶችና ሴቶችን መዝግበው በየሁለት ዓመቱ ይመረምሯቸው ጀመር። ሲመዘገቡ በልብ በሽታ ያልተያዙ ሰዎች፤ እርስዎ ያልታመመውን ለምን ያሉኝ ማለት ነው። ማን ያጨሳል፣ የማን ግፊት ከፍ ይላል፣ ኋላ ማን ልቡን ይታመማል ብለው ዓመታት ጠበቁ። ግፊት፣ ትንባሆና ኮሌስትሮል በሽታውን ቀድመው እንደሚታዩ ያወቅነው እዚያ ነው። የእኛ የአንድ ጊዜ ጥናት ይህን አይችልም። ግፊት አለብህ የተባለ ሰው ጨው ይቀንሳል፤ በማግስቱ የመጣ አጥኚ ጨው የማይበላው ሰው ግፊቱ ከፍተኛ ነው ብሎ ይጽፋል። የቱ እንደቀደመ ለማወቅ ያንኑ ሰው ደጋግሞ ማየት ያስፈልጋል።

ሐጂ፦ የፈረንጁ ይቅርና፣ በእኛ አገር ቆጥራችሁ አንድ ነገር ያገኛችሁበት አለ?

ተመራማሪዋ፦ አለ፤ እኔ በጣም የምወደው ነው። የእግር እብጠት፣ ዝሆኔ የሚሉት፣ በትንኝ የሚመጣው ሳይሆን ደጋ ላይ ያለው ሌላው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና 70ዎቹ ሐኪሞች በኢትዮጵያ ከ50 በላይ ገበያዎች ቆመው ያበጠ እግር ያለውን ሰው ቆጠሩ። ገበያ ሁሉም ሰው ይመጣል፤ ሆስፒታል የማይሄደው ሳይቀር። ኧርነስት ፕራይስ የተባለው ሐኪም በሽታው የበዛበትን ቦታ ከአፈሩ ጋር ሲያስተያይ ከእሳተ ገሞራ በወጣ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር የሚሄደው ሰው ሆኖ አገኘው። በሽታውን ጫማና ውኃ ይከላከሉታል። በ2005 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 130 ሺህ ሰው ታይቶ የአገሪቱ ካርታ ተሠራ፤ የትኛው ወረዳ ጫማ እንደሚያስፈልገው አሁን ይታወቃል።

ኤክስቴንሽኗ፦ ሞትም ይቆጠራል አይደል? አዲስ አበባ እንደሚቆጠር ሰምቻለሁ።

ተመራማሪዋ፦ ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማዋ የመቃብር ስፍራዎች፣ በቤተ ክርስቲያኑም በሙስሊሙም፣ ቀብር ይመዘገብ ነበር። ከዚያ ጠያቂዎች ቤተሰቡ ጋ ሄደው ሟቹ ምን ይሰማው እንደነበር ይጠይቁ ነበር፤ ሐኪም ያንን አይቶ ምክንያቱን ይገምት ነበር። ከዐዋቂዎቹ ሞት ግማሽ ያህሉ ተላላፊ ባልሆኑ በሽታዎች ሆኖ ተገኘ። ቲቢና ኤች አይ ቪ ነው የሚገድለን ስንል፣ ልብና ስትሮክ፣ ስኳርና ካንሰር አጠገባቸው ደርሰው ነበር።

ሐጂ፦ እዚህ ሰው ጠዋት ከሞተ ከሰዓት ይቀበራል። ማን ይጽፋል?

ኤክስቴንሽኗ፦ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ከሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ልደትና ጋብቻ ለወረቀት ሲባል ይመዘገባል፤ ሞት ግን የሚያስመዘግበው ውርስ ያለበት ሰው ነው። እኔ ጋ የእያንዳንዱ ቤት የቤተሰብ ማኅደር አለ። ማን እንዳረገዘች፣ ማን እንደተከተበ፣ ሽንት ቤት እንዳለ፣ አጎበር እንዳለ ያሳያል። የደም ግፊት ግን እኔ ስጀምር ዓምድ አልነበረውም።

ተመራማሪዋ፦ ያ ማኅደር ባሌ ውስጥ ካለን ሀብት ሁሉ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የተደረገው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ አራተኛው በተደጋጋሚ ተራዝሟል። ከ100 ሰው ስንቱ ብዬ ለመናገር መቶው ማን እንደሆነ ማወቅ አለብኝ፤ አሁን የማውቀው በግምት ነው። ቡታጅራ ከ1979 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በጥቂት ቀበሌዎች የሚወለደው፣ የሚሞተው፣ የሚገባውና የሚወጣው ሲቆጠር ቆይቷል። በጊልጌል ጊቤ፣ በዳባትና በቀርሳም እንዲሁ። ከእነዚህ አንዱም ባሌ ውስጥ አይደለም። መዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ሮቤ አለ፤ ጎባ ላይ ደግሞ የጤና ትምህርት ግቢና ሪፈራል ሆስፒታል አለው። ከሳነቴ እስከ ደሎ መና ሦስት ከፍታ ላይ ሦስት ቀበሌ ይዞ ዓመት በዓመት ያንኑ ሰው መለካት ይችላል። ይህን ለማድረግ ሌላ ፍራሚንግሃም መሆን አያስፈልግም።

ሐጂ፦ አሁን የእኔ ተራ ነው። ክንዴን ሰጠሁሽ፣ ዕድሜዬን ሰጠሁሽ፣ ጨዌን ነገርኩሽ። 147 ብለሽ ልትሄጂ ነው። ጤና ጣቢያ ስሄድ መድኃኒቱን አጣዋለሁ። የለም፣ ከግል ግዛ ይሉኛል። ያኔ ምን ትይኛለሽ?

ኤክስቴንሽኗ፦ እውነቱን ነው። ለክቼ የላክሁት ሰው መድኃኒት አጥቶ ሲመለስ በሚቀጥለው ወር በሩን አይከፍትልኝም። ለወር የመጣው በሁለት ሳምንት ያልቃል።

ተመራማሪዋ፦ መልስ ያለኝ ለግማሹ ብቻ ነው። መድኃኒት የሚጠየቀው ባለፈው ዓመት በወጣው ልክ ነው። ባለፈው ዓመት ተለክቶ የመጣ ሰው ትንሽ ነበር፤ ስለዚህ ትንሽ ተጠየቀ፤ ስለዚህ አለቀ። በዚህ ወረዳ ግፊት ያለበት ስንት ሰው እንዳለ ካልታወቀ ይህ አዙሪት አይሰበርም። ሌላው ግማሽ ግን የእኛ ጥፋት ነው፦ ቁጥሩ ከዚህ ወጥቶ አዲስ አበባ ይደርሳል፣ መጽሔት ላይ ይታተማል፣ ወደ ቀበሌው አይመለስም። ለተለካው ሰው ወረቀት ሳይሰጡ፣ ለጤና ጣቢያው ዝርዝር ሳይተዉ መሄድ ጥናት አይባልም።

ሐጂ፦ እንግዲያው ልስማማ። ውጤቱን ለእኔ ቤት ብቻ ሳይሆን ለቀበሌው ስብሰባ ታመጫለሽ፣ በኦሮምኛ። ወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤትም ይገኛል፤ መድኃኒቱን ስንት እንደጠየቀ ሰው ሁሉ ፊት ይናገራል።

ተመራማሪዋ፦ አመጣለሁ። ስም አይጠራም፤ የቀበሌው ቁጥር ብቻ ነው።

ሐጂ፦ ስሜን ብትጠሪም አልከፋም። 147 ብዬ እኔው እነግራቸዋለሁ፤ ሌላውም ይለካ። እስከዚያ እኔ ጤና ጣቢያ እሄዳለሁ፤ አንቺም ልጄ፣ የዚህን ሰፈር ወንዶች ማታ ከመግሪብ በኋላ ኑ ብለሽ ጥሪያቸው፤ ቤት ያሉት ያኔ ነው።